እንግሊዙ ሰላይ ተፍኪ የገባ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከሰበታ ተሳፍሬ ዓለም ገና መውረድ ሲገባኝ አለፍኩ። ጥፋቱ የሾፌሩ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ዘፈን ሳይሆን ትረካ ከፍቶ ነበር። ድምፁ ወፈር ያለ ሰው መጽሐፍ ያነባል፤ ተሳፋሪው በሙሉ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ጥቂት እንደሰማሁ አወቅኩት። ባቡር ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ ፊት ለፊቱ ያለውን መንገደኛ ይሰልላል። ይህን ቦታ በወጣትነቴ ስንቴ እንዳነበብኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

«እናት፣ ዓለም ገና ያሉት እርስዎ አልነበሩም?» አለኝ ረዳቱ።

«አለፍን እንዴ?»

«ድሮ!»

አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «ተዋቸው እንጂ፣ ሰውየው ሊያዝ ነው» አሉት።

«አይያዝም» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ነጠላ ለብሼ ከቅዳሴ የምመለስ ሴት ነኝ። ሾፌሩ በመስታወቱ ተመለከተኝና «እማማ፣ በማርያም እንዳይነግሩን!» አለ። በማርያም ስላለኝ ዝም አልኩ። ከዚያ ወርጄ ወደ ኋላ በእግሬ ስመለስ ግን ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር። የእህቴን ሰርግ ሊያፈርስ ጥቂት የቀረው ይኸው ሰውዬ ነው።

ስሙን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኛ ቤት ግን «እንግሊዙ» ብቻ ነበር የሚባለው። ታሪኩ በአንድ መጽሐፍ አያልቅም፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀጥላል። ሰበታ መናኸሪያው አጠገብ መጽሐፍ የሚያከራዩ ጋሽ መኮንን የሚባሉ ሰው ነበሩ። መጽሐፎቹን እንደ ታጠበ ልብስ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ይሰቅሏቸዋል። ሽፋናቸው ስለሚያልቅ በሲሚንቶ ወረቀት ይለብዳሉ፤ ስለዚህ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። «እንግሊዙ መጥቷል?» እንላቸዋለን። «ትናንት ቡራዩ ሄደ፣ ዓርብ ይመለሳል» ይሉናል። እውነተኛ ሰው ነበር የሚመስለው።

ከእኛ በፊት ያነበቡት ሰዎች ጠርዙ ላይ ይጽፉ ነበር። አንዲት ቆንጆ ሴት ከሰውየው ጋር ራት የምትበላበት ገጽ ላይ አንዱ በቀይ እስክሪብቶ «አትመናት!» ብሎ ጽፎለታል። ከሥሩ ሌላው «ዝም በል፣ እኛ ገና አልደረስንም» ብሎ መልሶለታል። ከእሱ ሥር ደግሞ በሴት እጅ ጽሕፈት «እኔ ደርሻለሁ። አትመናት» የሚል አለ።

ታላቅ እህቴ አስካለና እኔ አንዱን መጽሐፍ እኩል ነበር የምናነበው። ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እንቀመጣለን። እኔ ፈጣን ነኝ፤ እሷ ቀስ ትላለች። «ጨረስሽ?» እላታለሁ። «ቆይ፣ በሩን እየከፈተ ነው» ትለኛለች። አንዳንዴ ተራ በተራ ጮክ ብለን እናነባለን። እማዬ መጽሐፋችንን «የዓለም ወሬ» ነበር የምትለው። እሷ የምታነበው ዳዊቷን ብቻ ነው። ነገር ግን እኛ ማንበብ ስንጀምር ሰፌዷን ይዛ ትመጣና አጠገባችን ምስር ትለቅማለች። የተለቀመ ምስር መልሳ ስትለቅም ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ።

ጾም ሲገባ አንድ ትእዛዝ ነበራት።

«ሴቶቹ ያሉበትን ዝለሉት።»

«እማዬ፣ ታሪኩ እኮ አይገባንም።»

«ከፋሲካ በኋላ ይገባችኋል።»

እንዘለዋለን። ፋሲካ ውሎ ማግስቱን ግን ሰፌዷን ይዛ መጥታ «ያቺ የተዘለለችው ምን ሆነች?» ያለችው እሷው ናት።

የእማዬ ጥያቄ ብዙ ነበር። ሰውየው ምግብ በቅጡ ሲበላ አይታይም ብላ ታዝናለች። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም አልሰማችም። ከሁሉ የከነከናት ግን የሟቾቹ ነገር ነው። «ይህ ሁሉ ሰው ሲሞት ቀባሪ የለም? ለቅሶ አይደረስም? እድር እንኳ የላቸውም?» ትላለች። 

አባዬ ወፍጮ ቤት ነበረው። አስካለ ሚዛኑ ጋ ቁጭ ብላ እህል ትቀበላለች። በዚያ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ አንድ ደረጀ የሚባል ወጣት ከተፍኪ ጤፍ እያመጣ ማስፈጨት ጀመረ። ተፍኪ ራሷ ወፍጮ አላት። ወፍጮ እያለው ጆንያ አውቶቡስ ላይ ጭኖ ሰበታ ድረስ የሚመጣ ሰው ጤፍ ሊያስፈጭ እንዳልመጣ ከአባዬ በቀር ሁላችንም ገባን። አባዬ «ወፍጯችን አልሞ እንደሚፈጭ ተወርቶለት ነው» እያለ ይኮራ ነበር።

ኅዳር ላይ ከተፍኪ ሽማግሌ መጣ። አባዬ እንደ ወጉ «ጊዜ ስጡን፣ እናጣራ» አለ። እሱ የቡልጋ ሰው ነው፤ የተፍኪን ቤተ ዘመድ አያውቅም። የጎረቤታችንን አያ ሽፈራውን አጣሪ አድርጎ ላካቸው። አያ ሽፈራው ውለው መጡና ስለ ጠላው ብዙ ነገሩን። ጌሾው ልክ ነው፣ ጢስ ጢስ አይልም፣ አያሰክርም አሉ። የመጨረሻውን የተናገሩት ግድግዳ ተደግፈው ነው። ስለ ልጁ ግን ምንም አልነገሩንም።

በዚያው ሰሞን ገበያ ላይ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ለአስካለ «የኦቦ ጉርሜሳ ልጅ እኮ እዚያው ተፍኪ የታጨችለት ልጅ አለች» አለቻት። ኦቦ ጉርሜሳ የደረጀ አባት ናቸው። አስካለ ቤት ስትገባ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። መጽሐፉን ከፍቼ ጠበቅኳት። አጠገቤ ተቀመጠች፣ ዓይኗ ገጹ ላይ ነው፣ ግን አታነብም። እንግሊዙ ገደል ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ እሷ ግድ አልሰጣትም። ያኔ ነገሩ የምር መሆኑን አወቅኩ።

«አባዬ ይጠይቅልሽ» አልኳት።

«ምን ብሎ? ልጄ ቀንታለች ብሎ?»

«እንግዲያው እኔ እሄዳለሁ።»

«ምን ብለሽ ትገቢያለሽ?»

«እንግሊዙ ምን ብሎ ነው የሚገባው?»

ሁለታችንም ተያየን። ከዚያ ተዘጋጀን። የጎረቤት ቀሚስ ተዋስኩ፤ ሻሼን እንደማላስረው አድርጌ አሰርኩ። ስሜ ዘነበች ነው፤ ጫልቱ እንድሆን ተስማማን። መኪና ተበላሽቶብኝ ውሃ የጠማኝ መንገደኛ ልሆን ነው። ይህን ሁሉ ስናወራ እማዬ ከመጋረጃው ወዲያ ነበረች። ለማንም አልተናገርንም፤ ስወጣ ግን ቀና ሳትል «ከተፍኪ ስትመለሺ የሽምብራ እሸት ይዘሽልኝ ነይ» አለችኝ።

ታኅሣሥ ነው። የበቾ ሜዳ ውሃው ጠፍፎ ሽምብራው አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኗል። ከአውቶቡሱ ስወርድ መንገድ ዳር እሸት የምትሸጥ ሴት «የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ትንሽ ራመድ እንዳልኩ አህያ የሚነዳ ሰውዬ ይህንኑ ጠየቀኝ። ሳቅ እያልኩ አለፍኳቸው። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው። እንግሊዙን በዚያ ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ አገር፣ የማን ልጅ ነህ ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው የለም።

የኦቦ ጉርሜሳን ቤት አገኘሁትና በሩ ላይ ቆሜ ውሃ ለመንኩ። በዚህ አገር ደግሞ ውሃ የለመነ እንግዳ ውሃ ብቻ ጠጥቶ አይሄድም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ብቅ አሉ። «ታኢ፣ ታኢ» እያሉ ይዘውኝ ገቡና መደብ ላይ አስቀመጡኝ። በኦሮምኛ ተቀመጪ ማለታቸው ነው፤ ሁለቱንም ቋንቋ እያቀላቀልን ነበር የምናወራው።

«ከወዴት ነሽ ልጄ?»

«ከጂማ። መኪናው ተበላሽቶብን ነው።»

«ስምሽስ?»

«ጫልቱ።»

እስከዚህ ድረስ እንግሊዙ ቢያየኝ ይኮራብኝ ነበር።

«የማን ልጅ?»

አስካለና እኔ ሻሽ ስናስር አባት ማዘጋጀት ረስተናል። ወደ በሩ አየሁ። ሩቅ የወጨጫ ተራራ ይታያል። ተራራ በኦሮምኛ ቱሉ ነው፤ የወንድ ስምም ይሆናል።

«የቱሉ» አልኩ።

ሽማግሌው የያዙትን ጣሳ አስቀመጡ። «ጂማ ያለው ቱሉ?»

እንግሊዙ ሲጨንቀው የሚያደርገው ትዝ አለኝ። እሱ አይናገርም። ጠያቂው ራሱ የሚያስበውን እስኪናገር ይጠብቅና እሺ ይላል።

«አዎ» አልኩ።

«ለቡና ለቀማ ብሎ ወርዶ የቀረው?»

«አዎ።»

«ቱሉ ጉደታ?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ኦቦ ጉርሜሳ ተነሡ። «ያ ኢንተላ ኮ!» ብለው ጮኹ። ልጄ ማለት ነው። አቀፉኝ፤ እንባቸው ሻሼን አራሰው። ቱሉ ጉደታ ታናሽ ወንድማቸው ኖሯል። በጎረምሳነቱ ጂማ ወርዶ ወሬው የጠፋ ነው። ሚስታቸው አዴ ሎሚ ከጓዳ እየሮጡ መጡ። እልልም አሉ፣ አለቀሱም። ጎረቤቱ እልልታውን ሰምቶ ሊደሰት፣ ለቅሶውን ሰምቶ ሊያጽናና መጣ። ሁሉም እየሳመኝ «ቁርጥ ቱሉን!» ይላል። መጽሐፉ ውስጥ ሰላይ ሲያዝ እጁ ይታሰራል። እኔ የተያዝኩት በመሳም ነው፤ ከዚህ ማምለጫ የሚያስተምር ገጽ ደግሞ አላነበብኩም።

«ጾም ባይሆን በግ አርድልሽ ነበር» እያሉ ኦቦ ጉርሜሳ ተቆጩ። በበጉ ፋንታ የተጠበሰ እሸት፣ ሹሮና ተልባ ቀረበ። ብዪ ስባል መብላት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ በላሁ። አዴ ሎሚ አጠገቤ ቁጭ ብለው ያጎርሱኛል።

«ወንድምሽን ደረጀን ሳታይ አትሄጂም» አሉኝ።

«የት ሄዶ ነው?»

«ሰበታ ነዋ! ሌላ የት ይሄዳል? እህል ሊያስፈጭ!»

ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ጎተራው ወሰዱኝ። ጎተራው ባዶ ነው። አጠገቡ ግን የዱቄት ጆንያ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። የጤፍ ዱቄት፣ የስንዴ ዱቄት፣ የገብስ ዱቄት። አንዳንዱን ነቀዝ ጀምሮታል።

«አየሽ ጉዴን? ያሰብንለትን ልጅ እምቢ አለ። ሰዎቹን ይቅርታ ጠይቀን ነገሩን ጨረስን። የሰበታ ወፍጮ ቤቷ ልጅ ካልሆነች ብሎ እህሌን ሁሉ ዱቄት አደረገብኝ። ዘር እንኳ አላስቀረልኝም። ለመጪው ክረምት ዱቄት ልንዘራ ነው እንግዲህ?»

የመጣሁበትን አገኘሁ። ያን ጊዜ ክንፍ ቢኖረኝ በርሬ ሰበታ እገባ ነበር። ተሰናብቼ፣ ተመርቄ፣ እሸት ተሸክሜ ተመለስኩ።

አስካለ በር ላይ ስትጠብቀኝ ነበር።

«ምን አገኘሽ?»

«ዱቄት።»

ሁሉንም ነገርኳት። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ እንደገና ሳቀች። ያን ቀን መጽሐፉን ከፍተን ገደል ላይ የተንጠለጠለውን ሰው አወጣነው። «ሌላስ?» አለችኝ በመሀል። «ሌላማ ምንም የለም፤ ዘመድ አድርገውኛል» አልኳት። ሁለታችንም ነገሩን አላየነውም። ደስታ እንዲህ ነው፤ እግር ሥር ያለውን አያሳይም።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል ሽማግሌዎቹ ለመልስ መጡ። በዚህኛው ኦቦ ጉርሜሳ ራሳቸው አብረው ነበሩ። አባዬ የነፍስ አባታችንን መምሬ ኃይሌን አስቀምጧል። እኔ ጓዳ ተደብቄ እንደምውል ለአስካለ ቃል ገብቼላት ነበር። እማዬ ግን ማስታጠቢያውን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ፣ አቀርቅሬ ገባሁ።

«ነጠላሽን ከዓይንሽ ላይ አንሺ» አለች እማዬ። «ውሃውን ጉልበታቸው ላይ እያፈሰስሽው ነው።»

ኦቦ ጉርሜሳ ቀና አሉ። ከዚያ የውሃውን ጣሳ ከነእጄ ያዙት።

«ጫልቱ!»

«ተሳስተዋል፣ ዘነበች ናት» አለ አባዬ እየሳቀ። «ሁለተኛዋ ልጄ።»

«ልጅህ? የወንድሜ የቱሉ ልጅ ናት! ቤቴ መጥታ በአፏ ነግራኛለች!»

ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ እማዬ ዞረ። እማዬ የሹሮ ድስት ይዛ ቆማለች።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። «ጂማን እንኳን በእግሬ በሕልሜም አልረገጥኳት!»

ከተፍኪ ከመጡት አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የወንድሙ ልጅ ከሆነች ታላቂቱም ሥጋችን ናት። ሥጋ ከሥጋ አይጋባም። ነገሩ እዚህ ላይ ቀረ ማለት ነው።» ከመጋረጃው ጀርባ ትሪ ወደቀ። አስካለ ነበረች።

ያን ድምፅ ስሰማ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። «ውሸቴን ነው!» አልኩ። «እህቴ እንዳትታለል ላጣራ ነው የመጣሁት። ከመጽሐፍ የተማርኩት ነው። ቱሉን አላውቀውም!»

ኦቦ ጉርሜሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፈርታ ነው። ጆሮዋን እዩት፣ የቱሉ ጆሮ ነው። ደም አይዋሽም።»

«እኔ ግን እዋሻለሁ!» አልኩ።

መምሬ ኃይሌ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ረጋ ብለው «እስኪ ይቆጠር» አሉ። አባዬ ቡልጋን እስከ ሰባት ቤት ቆጠረ። ኦቦ ጉርሜሳም የራሳቸውን ቆጠሩ። የትም ላይ አልተገናኙም። ያ ሽማግሌ ግን «የአባትየው ቆጠራ ምን ያደርጋል? ጥያቄው እሱ አይደለም» ብለው እንደገና እማዬን አዩ።

እማዬ ድስቱን አስቀመጠች። «ስሙኝ» አለች። እናቴ በሽማግሌ ፊት ስትናገር ያን ቀን ገና አየሁ።

«አንድ እንግሊዝ አለ» ብላ ጀመረች። «ሥራው ስለላ ነው። አንድ ቀን የጠላቱን ቤት ሊሰልል ሰዓት ጠጋኝ መስሎ ገባ። ሰዓት ግን አያውቅም።»

«ከዚያስ?» አሉ መምሬ ኃይሌ።

«ከዚያማ ባለቤቱ ‘አንተ የእገሌ ሠራተኛ ነህ?’ አለው። አዎ አለ። ‘የግድግዳውን ሰዓት ልትሠራ ነው የመጣኸው?’ አዎ አለ። እሱ ምንም አልዋሸም፤ ባለቤቱ ራሱ እየዋሸለት እሱ አዎ ነው የሚለው።»

ቀጠለች። መሣሪያው የት እንደተደበቀ፣ ውሻው እንዴት እንደተታለለ፣ በየትኛው መስኮት እንደወጣ አንድ ሳታስቀር ተናገረች። የሹሮው ድስት እየቀዘቀዘ ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰሟታል። ያ ጋብቻው ቀረ ያሉት ሽማግሌ ወንበራቸውን ጎትተው ቀረቡ።

«ሴትም ነበረች ብለሽ አልነበር? እሷስ?»

«እሷን በጾም አላነሣትም» አለች እማዬ።

አባዬ አፍጥጦ ያያታል። «ይህን ሁሉ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ምስር ስለቅም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኦቦ ጉርሜሳ ግን አልሳቁም። ጣታቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ወደ መሬት ያያሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ጂማ ያለው ቱሉ ያልኩት እኔ ነኝ። ቡና ለቀማ ያልኩትም እኔ ነኝ። ጉደታን የጠራሁትም እኔው። ልጅቷ አዎ ብቻ ነው ያለችው።»

ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ይሳቁ ያልቅሱ አልለየሁም። ገልጠው ሲያዩኝ ሁለቱም ነበር። ወንድማቸውን አግኝተው እንደገና ማጣታቸው ነው። ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ያን ጊዜ ያደረግኩት ብቸኛ ልክ ነገር እሱ ይመስለኛል።

«ይሁን» አሉ። «ጋብቻው ይጽና። ግን ይህችን ልጅ አልመልሳትም። በጉዲፈቻ ልጄ ትሁን።»

መምሬ ኃይሌ ብድግ አሉ። «ኧረ ተዉ! እሷ ልጅዎ ከሆነች ደረጀ የእህቱን እህት ሊያገባ ነው?»

«እንግዲያው ክርስትና ላንሣት።»

«እሱም ዝምድና ነው ኦቦ! ደግሞስ ይህችን የምታህል ልጅ ማን ሁለተኛ ያጠምቃታል? እባክዎ ዝም ብለው አማች ይሁኑልን!»

ጥር ላይ አስካለ ተዳረች። ሰርጉ ላይ ዱቄት አልቸገረንም።

ከዚያ በኋላ ተፍኪ ስሄድ ኦቦ ጉርሜሳ ዘነበች ብለውኝ አያውቁም፤ ጫልቱ ነበርኩ። «ያንን እንግሊዝ ይዘሽው ነይ፤ ልጄን ያሳሳተውን ልየው» አሉኝ። ወሰድኩላቸው። አጥራቸው ሥር ቁጭ ብለን አማርኛውን እያነበብኩ ወደ ኦሮምኛ እመልስላቸዋለሁ። እንደ እሳቸው ያለ አንባቢ አላየሁም፤ የሚያነቡት በጆሯቸው ቢሆንም። ጠላት ከኋላ ሲመጣ «ዙር!» ብለው በከዘራቸው መሬቱን ይመቱታል። ሰላም ሲሆን ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል።

«የማን ልጅ ነው ይህ ሰው?»

«አልተጻፈም አባባ።»

«አጎት የለውም? ሚስት ቢፈልግ ማን ሽማግሌ ይላክለታል?»

«እኔንጃ።»

«ለዚህ ነው ከሴት ወደ ሴት የሚዞረው» ይላሉ በሐዘን። «ዘመድ የሌለው ሰው ምን ያድርግ።»

ዓመታት አለፉ። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የመጨረሻውን መጽሐፍ ግን ጋሽ መኮንን ሊያገኙልን አልቻሉም። ኦቦ ጉርሜሳ ታመው ተኝተው ሳለ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አስካለ ትራሳቸውን እያስተካከለች ነበር፤ ከእጇ በቀር ከማንም እጅ አይጎርሱም ነበር። ሲያዩኝ ዓይናቸው በራ።

«ጫልቱ፣ ያ ሰውዬ መጨረሻው ምን ሆነ?»

ያላነበብኩትን ነገርኳቸው። እርጅና ሲመጣ ሥራውን ተወ አልኩ። የአባቱን አገር አፈላልጎ አገኘ፤ አጎቱ በሕይወት አሉ፤ ሽማግሌ ላኩለት፤ አንዲት ደኅና ልጅ አገባ አልኩ።

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ከንፈራቸው ፈገግ አለ።

«ውሸትሽን ነው» አሉኝ። «አንቺ ስትዋሺ ለሰው አባት ትሰጪያለሽ።»

እኔም ሳቅኩ፣ እሳቸውም ሳቁ፤ ሳል አቋረጣቸው። ከዚያ ብዙ አልቆዩም።

ይኸው ስንት ዘመን ሆነው። እህቴ ዛሬ የልጅ ልጅ ታቅፋለች። ደረጀ አርጅቷል፤ ወፍጮ ቤቱንም ከአባዬ ተረክቦ የሚመራው እሱ ነው። ያ ሁሉ ሊቀር ነበር ብዬ ሳስብ ይገርመኛል። ልጆች ዛሬ እንግሊዙን በስልካቸው ያዳምጡታል፤ ደስ ይለኛል። ደፋር ነው፣ ብልህ ነው፣ ያስቃል። ሰው እኔን ምን አተረፍሽበት ቢለኝ ግን እህቴን በወግ ዳርኩበት፣ አንድ ደግ ሽማግሌም አገኘሁበት እላለሁ። ሰው ከንባብ ከዚህ በላይ ምን ይጠብቃል?

አሁንም ያልተዘጋ ነገር አለ። ቱሉ ጉደታ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ኦቦ ጉርሜሳ ካረፉ በኋላ የሚጠራው ሰው እንዳያጣ ብዬ በየዓመቱ ለጸሎት ከማስጠራቸው ስሞች ጋር እጨምረዋለሁ። ዘንድሮ የመጡት አዲሱ ቄስ ወጣት ናቸው። ስሞቹን ስነግራቸው እዚያ ላይ ቆም አሉ።

«ቱሉ ጉደታ ምንዎ ናቸው እናቴ?»

«አባቴ ነበር» አልኳቸው። «ለአንድ ሰሞን።»